የተሰረጎደ የጭስ ማውጫ፦ መቼ ይጠገናል፣ እንዴትስ ይጠገናል?

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ውጫሌ፣ ቀጥሎም ወደ መርሳ ያመራል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከእሱ እየተገነጠሉ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡትና የሚወርዱት መንገዶች ግን አብዛኞቹ ጠጠርና ድንጋይ ናቸው። የአርሶ አደሩን እህልና አትክልት ወደ ገበያ የሚያደርሱት፣ ሕመምተኛን ወደ ጤና ተቋም የሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች በእነዚህ መንገዶች ላይ ሲመላለሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ከሆዳቸው ሥር የተዘረጋው የጭስ ማውጫ ቱቦ ነው።

ቱቦው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ግድግዳው ስስ የሆነ፣ የሚከልለውም ነገር የሌለው ብረት ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ መንገድ ላይ ድንጋይ ያንከባልላል። ከዚህ የከፋው ግን ሰው ራሱ የሚያስቀምጠው ድንጋይ ነው። ዳገት ላይ የተበላሸ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ የተደረገ ድንጋይ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ በዚያው ይቀራል። ሌሊት የሚመጣ አሽከርካሪ ሳያየው ያልፍበታል፤ ድንጋዩም ጎማውን ቢስት ቱቦውን አይስትም። ከልክ በላይ የተጫነና ባሌስትራው የደከመ መኪና ደግሞ በከተማ ውስጥ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንኳ ይበቃዋል። ጥቂት የማይባሉ ቱቦዎች የሚሰረጎዱት ደግሞ በጥገና ቦታ ነው፤ ጎማ ለመቀየር የቸኮለ ሰው ክሪኩን በሻሲው ፈንታ ቱቦው ላይ ሲያሳርፈው።

በአገራችን ያሉ ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ በሌላ አገር ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በእጅ ያለው መኪና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገለግል ይፈለጋል፣ መለዋወጫውም ውድ ነው። ስለዚህ የተሰረጎደን ቱቦ አውጥቶ ከመጣል ይልቅ ማቃናት የብዙ ባለንብረቶች ምርጫ ሆኗል። ምርጫው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የማይሆንበትም አለ።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። በጋራዥ ቋንቋ የጭስ ማውጫው በሙሉ «ማርሚታ» ይባላል። ቃሉ የጣሊያንኛ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ ትልቅ ድስት ማለት ነው፤ ድምፅ የሚያፍነውን ሆዳም ክፍል ቅርጹን ዓይቶ የሰየመው ሰው አልተሳሳተም። ክሪክ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተፈረመው የውጫሌ ውል በአንቀጽ 17 የጣሊያንኛና የአማርኛ ትርጉም ልዩነት የተነሳ አገርን ወደ ዓድዋ እንዳደረሰ ይታወቃል። በዚያው ወረዳ ዛሬ መካኒኩና አሽከርካሪው በጣሊያንኛ ቃላት ያለ አንዳች የትርጉም ጠብ ይግባባሉ። በዚህ ጽሑፍ ማርሚታ ሲባል ድምፅ አፋኙን ክፍል ብቻ፣ ቱቦ ሲባል ደግሞ ክፍሎቹን የሚያገናኘውን ብረት ያመለክታል።

ጭሱ ከሞተር ሲወጣ በመጀመሪያ የሚገባው በቴስታታው ላይ ወደታሰረው ሰብሳቢ ነው። ከሰብሳቢው በፊተኛው ቱቦ በኩል ይወርዳል፤ አዲስ ነክ በሆኑ የቤንዚን መኪኖች ላይ መርዛማ ጋዞችን የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያልፋል፤ ከዚያ በመካከለኛው ቱቦ ወደ ማርሚታው ገብቶ በኋለኛው ጫፍ ይወጣል። በቤንዚን ሞተር ላይ ጭሱ ሞተሩ በጫና ሲሠራ ገና ከቴስታታው ሲወጣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ወደ ጫፉ በቀረበ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ይህ መንገድ በአንድ ቦታ ሲጠብ ጭሱ ወደኋላ ይገፋል። ሞተሩ የተቃጠለውን ጋዝ አጥርቶ ካላስወጣ አዲስ አየር በበቂ መጠን አይስብም። አቅሙ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ይግላል። ተርቦ ባለው የናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ የታመቀው ሙቀት ተርቦውን ይጎዳል።

ይሁንና ሁሉም ስርጉድ እኩል አይደለም፤ ብዙ ሰው ከሚገምተውም ያነሰ ጉዳት የሚያደርስ አለ። የ50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ ከላይና ከታች ተጨፍልቆ ከፍታው 25 ሚሊ ሜትር ቢቀር የጭሱ መተላለፊያ በግማሽ የቀነሰ ይመስላል። ነገር ግን ብረቱ ወደ ጎን ስለሚሰፋ ቅርጹ እንደ እንቁላል ይሆናል፤ ሲሰላም የቀድሞው ስፋት 70 በመቶ ያህሉ አሁንም ክፍት ነው። ከዚህ የሚከፋው ቱቦው ወደ ጎን ሳይሰፋ አንዱ ግድግዳ ብቻ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሹል ድንጋይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን በጥልቀቱ ብቻ አይለካም፤ ቱቦው ወደ ጎን መስፋት አለመስፋቱም አብሮ ይታያል። ከቱቦው ስፋት ሩብ የማይሞላ፣ ብረቱን ያልሰነጠቀ፣ መጋጠሚያውን ያላላቀቀ ስርጉድ በአሮጌ መኪና ላይ ቢተው ይሻላል። እሱን ለማቃናት ሲባል ዝገት የበላውን ቱቦ መፍታት፣ መደብደብና ማጋል ከስርጉዱ የበለጠ ጉዳት ያመጣል።

ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን አቅሙን ያጣል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ ላይ ሳይታወቅ የሚቆይ የቱቦ መጥበብ ወደ ደሴ በሚወስደው ዳገት ላይ ይጋለጣል። መኪናው በሜዳ ላይ ደኅና ሄዶ በዳገት ላይ ማርሹን እየቀነሰ ሲሄድ፣ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ድምፁ ታፍኖ ሲቀር፣ ቱቦው መጠርጠር ይኖርበታል።

መጠርጠር ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ብልሽቶች አሉ። በአይሱዙና በሌሎች የጭነት መኪኖች ቱቦ ላይ ቁልቁለት ሲወረድ ጭሱን እየዘጋ መኪናውን የሚይዝ የጭስ ፍሬን አለ። ይህ መዝጊያ በዝገትና በጥቀርሻ ተጣብቆ በግማሽ ተዘግቶ ከቀረ መኪናው ልክ ቱቦው እንደተጨፈለቀ ይሆናል። በቤንዚን መኪና ላይ የካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የውስጥ ሸክላ ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። መኪናው ወደኋላ ሲሄድ የመንገድ ዳር አፈር ነክቶ የቱቦው ጫፍ በጭቃ የሚደፈንበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ሲሆን ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ችግሩም በአንድ እንጨት ጉርጎራ ያበቃል።

የቱቦው ጥፋት መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ከስርጉዱ በፊት ያለው መጋጠሚያ ብሎኖቹ ሳይወጡ ይላላሉ፤ ጭሱ በዚያ ክፍተት እንዲያመልጥ ማለት ነው። ከዚያ መኪናው መስኮቶቹ ተከፍተው ለአጭር ርቀት ዳገት ላይ ይሞከራል። ድምፁ ከፍተኛ ይሆናል፤ ነገር ግን የጠፋው ጉልበት ከተመለሰ እንቅፋቱ ከተላላው መጋጠሚያ በኋላ እንዳለ ይታወቃል። ጉልበቱ ካልተመለሰ ምክንያቱ በሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ቱቦውን ማቃናትም ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ይሆናል። ማርሚታውን ደግሞ በቀዘቀዘበት ጊዜ በእጅ መዳፍ ወይም በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ውስጡ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ የውስጥ መከፋፈያው ተላቋል።

ከጉልበት መቀነስ የሚበልጠው ጉዳይ የሰው ሕይወት ነው። ቱቦውን የመታው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ብቻ አይደለም፤ ስርጉዱ በዓይን ይታያል፣ በዚያው ምት የተሰነጠቀው ብየዳ ወይም የላላው መጋጠሚያ ግን አይታይም። ከስንጥቁ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ቤተሰቦችን የሚገድለው ይኸው ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በጠነከረ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢሆንም ቀስ በቀስ ደሙን ይሞላዋል። የሞተር ጭስ ሽታ ስላለው ሰው ያውቀዋል ማለትም አያስተማምንም፤ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ናቸው። በሚኒባስና በቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ እነዚህ ሁሉ «መኪና አይስማማውም» በሚል አንድ አባባል ይታለፋሉ። ረዳቱ ፌስታል ያቀብላል፣ ጎረቤት ሎሚ ይሰጣል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ነፋስ ይመታናል የሚሉ ተሳፋሪዎች መስኮት እንዳይከፈት ሲከራከሩ ጭሱ ውስጥ ይከማቻል። ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። አንድ ሰው ብቻ ሲያስመልሰው መንገዱ ይሆናል፤ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ከመኪናው ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙም ሲሻላቸው ግን ጥርጣሬው ወደ ቱቦው መዞር አለበት። ራሱን የሳተ ሰው ወዲያውኑ ከመኪናው ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ ለባለሙያውም የመኪና ጭስ ሳይኖር እንዳልቀረ ይነገራል። ዕቃ ረዝሞ የኋላው በር ሳይዘጋ በገመድ ታስሮ የሚደረግ ጉዞም አደገኛ ነው፤ መኪናው ሲሄድ ከኋላው የሚፈጠረው የአየር አዙሪት ጭሱን በተከፈተው በር ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቱቦው ጤነኛ በሆነ መኪና እንኳ ይህ ይደርሳል።

የተበላሸው ቱቦ መፈታት እንዳለበት ከተወሰነ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መታገሥ ነው። ቱቦው ሲግል ቀለሙ አይለወጥም፤ ከመንገድ የገባ መኪና ቱቦ ለረጅም ጊዜ ቆዳን ሊልጥ ይችላል። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸዋል፤ ክሪክ ካነሳው በኋላም በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት፣ ወይም ድንጋይና ብሎኬት ደራርቦ መደገፍ ሰው የሚገድል ልማድ ነው። ብሎኬት በጫና ሥር ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል።

የዛጉት ብሎኖች በአሮጌ መኪና ላይ ከቱቦው የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ። ዝገት የሚያላላ ዘይት ማታ ተቀብቶ ማደሩ ጠዋት የሚደረገውን ትግል በግማሽ ያቀልላል። እምቢ ያለውን ብሎን በጉልበት ጠምዝዞ መስበር፣ በተለይ ከቴስታታው አጠገብ ያለውን፣ አንድን ቀላል ጥገና ወደ ትልቅ ሥራ ይለውጠዋል። ማንጠልጠያ ጎማዎቹ በሳሙና ውሃ ሲርሱ ሳይቀደዱ ይወጣሉ። ጎማው ከተቀደደ ብዙ ጊዜ የካላማደሪያ ቁራጭ ታስሮ ይተካል። ይህ ለጥቂት ቀን ያደርሳል እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ የሚለጠጠው ጎማ ቱቦውን ዝቅ ስለሚያደርገው ቀጣዩ ድንጋይ በቀላሉ ያገኘዋል። በሽቦ ጠፍሮ ማሰርም ሌላ ጉድለት አለው፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቱቦው አብሮ መወዛወዝ ስለማይችል ብየዳው ይሰነጠቃል።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ብረቱ ይፈተሻል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ሲደረግ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ብረት ጤነኛ ነው። የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ወይም የሚበሳ ብረት ግን ማቃናትን አይሸከምም። በፊት ጎማ የሚነዱ እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች በፊተኛው ቱቦ ላይ ያላቸው በሽቦ የተጠለፈ ተለማጭ ክፍል ከተጨፈለቀ አይቃናም፤ ይቀየራል። ካታሊቲክ ኮንቨርተርም መዶሻ አይነካውም፤ ውስጡ ሸክላ ነው።

ማቃኛው ዘዴ ስርጉዱ ባለበት ቦታ ይወሰናል። ከተከፈተው አፍ ቅርብ፣ በቀጥታው ክፍል ላይ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ መግፋት ከሁሉ የሚሻል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከቱቦው የውስጥ ስፋት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሚያንስ የብረት ኳስ ወይም ጫፉ የሾጠጠ ድፍን ብረት ነው። ከአሮጌ ትልቅ ኩሽኔታ የወጣ ኳስም መጠኑ ከገጠመ ያገለግላል። ኳሱ ግራሶ ተቀብቶ በረጅም የብረት ዘንግ እየተመታ ይገፋል። ጥልቅ ስርጉድ በአንድ ኳስ አይወጣም፤ በትንሹ ተጀምሮ ወደ ትልቁ ይኬዳል። መዶሻውን አክርሮ አንድ ጊዜ ከመምታት ቀለል አድርጎ ደጋግሞ መምታት ብረቱን ያድነዋል።

ቱቦው እንደ እንቁላል ከተጨፈለቀና ሁለቱ ጎኖቹ ከወጡ ሞርሳ ይበቃዋል። የወጡት ጎኖች በሁለት እንጨት መካከል ሆነው ቀስ እያሉ ሲጠበቡ ከላይና ከታች ያለው ግድግዳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረቱ በታጠፈበት ጠርዝ ላይ በኦክስጅንና በአሲቲሊን እሳት ቀይ እስኪሆን ቢግል ይታዘዛል፤ ሳይግል የተጠበበ አሮጌ ብረት በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

አንዱ ግድግዳ ብቻ ወደ ውስጥ ሲገባና ከውስጥ የማይደረስበት ሲሆን ከውጭ ይሳባል። በስርጉዱ ጥልቅ ቦታ ላይ አንድ ብሎን በጥቂቱ ይበየዳል፤ የስርጉዱ ዙሪያ ይጋላል፤ ብሎኑ በዘንግና በተንሸራታች መዶሻ ወደ ውጭ ይሳባል። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት መካከሉን ማጋል ነው። መካከሉ ሲለሰልስ ብሎኑ ብረቱን ቀድዶ ይወጣል፤ ሊለሰልስ የሚገባው ስርጉዱን አንቆ የያዘው ጠርዙ ነው። ከተሳበ በኋላ ብሎኑ ተቆርጦ ቦታው ይሞረዳል፤ ቀዳዳ ከቀረም ይደፈናል። ቱቦውን በሁለቱም ጫፍ ደፍኖ እያጋሉ በአየር ግፊት ማስነሳት የሚባለው ዘዴ ግን መወገድ ያለበት ነው፤ የጋለ አሮጌ ብረት ሲፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይገድላል።

የተሰረጎደው ክፍል በእጥፋት ላይ ከሆነ፣ ብረቱ ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ ቆርጦ መቀየር ይገባል። በብዙ ቦታ የሚደረገው ይኸው ሲሆን፣ ጥሩ በያጅ ከሠራው ከማቃናቱ ይልቅ ዕድሜ አለው። አቆራረጡ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ይሄዳል። አዲሱ ቁራጭ ከቀድሞው ጋር እኩል ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ጠባብ ቁራጭ ማስገባት በገንዘብ አዲስ ስርጉድ መግዛት ነው። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጭሱ ከጠርዝ ጋር ሳይጋጭ እንዲያልፍ ነው። የተደራረበው ርዝመት ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል መሆን አለበት።

እጥፋት ያለው ቁራጭ ሲያስፈልግ ልማድ ያላቸው ባለሙያዎች ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቀው፣ አግለው ያጥፉታል፤ አሸዋው ግድግዳው እንዳይጨማደድ ይደግፋል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ አሸዋው ግን በእርግጥ ደረቅ መሆን አለበት። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር የመጣ አሸዋ በፀሐይ የደረቀ ቢመስልም እርጥበት ይይዛል። በሁለት ጫፍ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ሲግል እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ መድፈኛውን እንደ ጥይት ይወረውረዋል። አሸዋው አስቀድሞ በምጣድ ላይ ይቆላል፤ መድፈኛውም ትንሽ መተንፈሻ ይተውለታል።

ከውሃ ቧንቧ የተቆረጠ ብረት ለጭስ ማውጫ ሲውል በየቦታው ይታያል። ወፍራምና በቀላሉ የሚገኝ ነው። ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ ማንጠልጠያዎቹንና መጋጠሚያዎቹን ያደክማል። ሁለተኛው የበያጁ ጤና ነው። የውሃ ቧንቧ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንኩ በብየዳ እሳት ሲነድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት መቆረጣጠም ያመጣል። ብዙዎች ወባ የተነሳባቸው ይመስላቸዋል። ሌላ አማራጭ ከሌለ የሚበየደው ጫፍ ልባጡ ተሞርዶ ይነሳለታል፤ ሥራውም በደጅ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት በሚወስድበት አቅጣጫ ተቁሞ ይሠራል።

የጭስ ማውጫ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለበርና ለመስኮት ሥራ በሚውል ወፍራም ኤሌክትሮድና ከፍተኛ ኃይል የሚበየድ ቱቦ ይቀደዳል። 2.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ ኤሌክትሮድ በዝቅተኛ ኃይል ይመረጣል። ቱቦው በመጀመሪያ መኪናው ላይ ተሰቅሎ በአራት ተቃራኒ ነጥቦች ብቻ ይያያዛል፤ ልኩ ከተረጋገጠ በኋላ ወርዶ በደጅ ሙሉ ብየዳው ይጠናቀቃል። ሙሉውን መኪናው ሥር ተኝቶ መበየድ ለዓይንም፣ ለነዳጅ ታንከሩም፣ ለፍሬን ቱቦውም አደጋ ነው። መኪናው ላይ እንዳለ ለማያያዝ ሲባል የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይፈታል፤ የብየዳው መሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ በራሱ በቱቦው ላይ ይያዛል። ይህ ካልሆነ ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ ሲመለስ የመኪናውን ኮምፒውተርና ዲናሞ ያቃጥላል። የተሞላ ጀሪካን፣ ዘይት የነካው ጨርቅና ጭድ ከአካባቢው ይነሳሉ፤ የውሃ ባልዲና አሸዋ አጠገብ ይቀመጣሉ።

ቱቦው ከተመለሰ በኋላ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያለው መጥበቂያ አዲስ መሆን አለበት፤ አሮጌው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ዳግም አይገጥምም። ከቱቦው እስከ መኪናው ወለል፣ እስከ ፍሬን ቱቦውና እስከ ነዳጅ መስመሩ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ መኪናው ባዶ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሰው ተቀምጦበትም ይታያል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፤ ገና ሳይግል የሳሙና ውሃ በብየዳውና በመጋጠሚያው ላይ ይፈስሳል። አረፋ የሚያወጣ ቦታ ያፈስሳል። አንድ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ በጫፉ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሲይዝ ሌላው ጎኑን ተከትሎ ቢያዳምጥ የፉጨት ድምፅ ክፍተቱን ይጠቁመዋል። በናፍጣ መኪና ላይ ከጥቂት ቀናት አገልግሎት በኋላ በመጋጠሚያ ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ጥቀርሻም ያንኑ ይናገራል። ቀዳዳን በጣሳ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በሽቦ ማሰር እስከ ጋራዥ ለመድረስ ያገለግላል፤ ተራ ማጣበቂያ ግን በሙቀቱ ተቃጥሎ ይረግፋል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በሚደረገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የጭስ ማውጫውም ይታያል። ለቦሎ ሲቀርቡ ብቻ ቱቦውን ማስጠገን የተለመደ ቢሆንም፣ ድንጋይ የምርመራ ወቅት እስኪደርስ አይጠብቅም።

በሐይቁ ዳርቻና በወንዞች አጠገብ በሞተር ፓምፕ መስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮችም ይህ ጉዳይ ይመለከታቸዋል። የፓምፑ ማርሚታ ትንሽ ናት፤ በአህያ ወይም በባጃጅ ስትጓጓዝ ትጋጫለች፣ ትሰረጎዳለች። ስስ ላሜራ ስለሆነች ማቃናቱ ብዙ አያዋጣም፤ ተነቅላ ብትቀየር ይሻላል። ፓምፑ ከዝናብና ከሌባ ለመጠበቅ ሲባል በጎጆ ወይም በጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መሥራት የለበትም፤ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ጭሱ ሳያሳልፈው ሊቀር ይችላል። በመኸር ጊዜ ደግሞ ዐውድማ ላይ የሚገባ መኪናም ሆነ መውቂያ ሞተር ቱቦው ከገለባ ጋር እንዳይነካካ ይደረጋል፤ የጋለ ማርሚታ ለክምር እሳት ነው፣ የተሰነጠቀ ቱቦም ብልጭታ ይተፋል።

በመጨረሻ ከብየዳ በፊት ለበያጁ የሚነገር ነገር አለ። በብዙ ማርሚታዎች ሥር፣ ከታች በኩል፣ የጥፍር ጫፍ የማትሞላ ቀዳዳ ትገኛለች። በጠዋት ከቱቦው የሚንጠባጠበው ውሃ ከነዳጁ መቃጠል የሚፈጠር ነው፤ ቀዳዳዋ የተሠራችው ይህ ውሃ ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ እንዳያዝገው ነው። አፈሰሰ ተብሎ የምትደፈነው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። እሷ አትበየድም።